ጥቁሩ ጉድጓድ የጋላክሲውን ልክ በምን ያውቃል?

ቡና በሐይቁ ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቡና አፈላለሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። አንድ ተማሪ ደንበኛዬ ሽቅብ እያየ «በየትልልቁ ጋላክሲ መሃል ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ጋላክሲው ሲያድግ አብሮ ያድጋል» አለኝ። ያገኘውን የሚውጥ ከሆነ ጋላክሲውን እንዴት እስካሁን አልጨረሰውም? ደግሞ አብራችሁ እደጉ ያላቸው ማነው?

የታቦር ሥር መምህር፦
እህቴ፣ መዋጡን ሰው ያጋንነዋል። የእኛ ጋላክሲ መሃል ያለው 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ይከብዳል። ግን ስበቱ የሚገዛው ጥቂት የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ድረስ ነው። ጋላክሲው ከዳር ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዳር ያለ ኮከብ ጉድጓዱ መኖሩንም አያውቅ።

ጉዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች እንዳሳዩት፣ በጋላክሲው መሃል የታጨቁት ኮከቦች በፈጠኑ ቁጥር፣ ማለትም ክምችታቸው በከበደ ቁጥር፣ ጉድጓዱም ይከብዳል። ለምን? ጀበናሽን እይው። ሲገነፍል ከሰሉ ላይ ይፈስና የራሱን እሳት ያጠፋል። ጋዝም ወደ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ አይገባም። ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ያበራል። ከክብደቱ 10 በመቶ ያህሉ ጉልበት ይሆናል፤ ፀሐይ ከሃይድሮጅኗ የምታወጣው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ያ ጉልበት የቀረውን ጋዝ ይገፋዋል። ያኔ ጉድጓዱም ይራባል፣ ኮከብ የሚሠራው ከጋዝ ነውና አዲስ ኮከብም አይወለድም፤ የሁለቱም እድገት አብሮ ይገታል።

ዓሣ ወዳዱ፦
አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያሉት አባ ኮዳ ወፎች ሐይቁን አልጨረሱትም። እግራቸው ሥር የተጣለውን ነው የሚለቅሙት 😄

ግን መምህር፣ ጀበናዎ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው ሲዋሃዱ ጉድጓዶቹም ይዋሃዳሉ። ይህ ሲደጋገም ክብደታቸው ያለ ግንፈላም ሊመጣጠን ይችላል።

የታቦር ሥር መምህር፦
እሱም አለበት፣ አልክድም። ግን በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት መሃል ያለው ጉድጓድ ጋዙን ገፍቶ የከፈታቸው ትልልቅ ባዶ ቦታዎች በቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ታይተዋል። ግንፈላ ይኸው!

ቡና በሐይቁ ዳር፦
የኛውስ? ይገነፍላል እንዴ?

የታቦር ሥር መምህር፦
አሁን ጭር ብሏል። የሚበላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቡና በሐይቁ ዳር፦
እፎይ። ተማሪው ሲመጣ ጀበናውን አስገነፍልና አሳየዋለሁ። የሚጠፋው ከሰል ግን በሱ ሒሳብ ነው።