ልጆቻችን የማይገቡበት ኮንሰርት ለልጆቻችን?

ባለ ስፒከሩ (አዘዞ)፦

ሰላም ለቤቱ። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያበሳጫል። እንጀራዬ ድምፅ ማጉያ ማከራየት ነው። ሠርግ በሉት ምርቃት፣ ጎንደር ውስጥ የእኔ ስፒከር ያልጮኸበት አዳራሽ ጥቂት ነው። ልጄ ደግሞ ኦቲዝም አለበት። ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ዕቃ ልፈትሽ ግቢ ውስጥ ገመድ ስዘረጋ፣ ገና ምንም ሳይጮህ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። የሚገርመው አውሮፕላን በላያችን ሲያርፍ ቁብ አይሰጠውም። የማይክ ፉጨት ግን ያሳብደዋል።

ከሌሎች ስድስት ወላጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን እንመካከራለን። አንዷ እናት ልጇን ሙአለ ሕፃናት «ሌሎቹን ይረብሻል» ብለው ከመለሱባት ወዲህ ሥራዋን ትታ ቤት ውላለች። እሷ ናት «ኮንሰርት እናዘጋጅና በገቢው ቴራፒ እናስጀምር» ያለችው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። መሣሪያው በነፃ ነው አልኩ። አዳራሹ 400 ሰው ይይዛል። ትኬቱ 300 ብር ቢሆን፣ ሞልቶ 120 ሺህ ብር ነው። የአዳራሽ፣ የጄኔሬተር፣ የኅትመትና የሙዚቀኞች ወጪ ሲነሳለት ስንት እንደሚተርፍ እኔ አውቃለሁ። ሌሎቹ ገና በ120 ሺህ ላይ ናቸው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ነው በሦስት ወር ውስጥ በኖ የማይጠፋው? ደግሞስ ኮንሰርቱ በልጆቻችን ስም ሆኖ ልጆቻችን በሩ ላይ እንኳ መቆም ካልቻሉ ምን ይባላል? ቀኑን መጋቢት 24 አድርገነዋል፤ የዓለም የኦቲዝም ቀን ነው።

የድሮ ገንዘብ ያዥ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑን ቀይሩ! መጋቢት 24 መቼም ቢሆን ከዐቢይ ጾም አይወጣም። በሁዳዴ ጎንደር ላይ እስክስታ ልታስመታ ነው? ትኬቱን ራሴ ስጡኝ ብዬ አልገዛም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አድርጉት። ያኔ የሠርግ ጊዜ ስለሆነ አንተ ትጎዳለህ፤ እሱን ቻለው።

ገንዘቡን በተመለከተ ከደረሰብኝ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሕመምተኛ ብለን ዝግጅት አዘጋጀን፤ ሒሳቡ የተከፈተው በአንድ ሰው ስም ነበር። ሰውዬው ሌባ አልነበረም። ግን ደረሰኝ አልያዘም። ሰው ሲያማ ማሳየት አልቻልንም፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ የነሱኝ አሉ። በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። የገባውና የወጣው በወረቀት ተጽፎ እድር ቤት ይለጠፍ።

ሌላው፣ ትኬት ብቻውን አያዋጣም፤ ጨረታ ጨምሩ። አንድ በግ አምስት ጊዜ ተሸጦ ሲመለስ አይቻለሁ። ከአዝማሪው ጋር ደግሞ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ሽልማት የእሱ ነው ወይስ የልጆቹ? እዚያው መድረክ ላይ መጨቃጨቅ ያሳፍራል።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ማራኪ)፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ሥራዬ ልጆች እንደ መብላት፣ መልበስና መጫወት ያለውን የየዕለት ነገር ራሳቸው እንዲችሉ ማገዝ ነው። ቴራፒስት በየወሩ ከአዲስ አበባ ብታስመጡ የአውሮፕላን ቲኬቱ ይበላችኋል። እኛ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምረን የወጣን ልጆች አለን፤ መጀመሪያ እኛን ጠይቁን።

ደግሞ ሒሳቡን በሰዓት አስቡት። አንድ ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር ቢሠራ፣ 167ቱ ሰዓት ከእናንተ ጋር ነው። ስለዚህ ወላጅን ማሠልጠን ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የሚያስተምረው ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ልጁ ውኃ ሲፈልግ እጅህን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ከጎተተህ፣ ቶሎ ቀድተህ አትስጠው። ኩባያውን ይዘህ ዓይኑ ፊት «ውኃ» በልና ትንሽ ጠብቅ። ቢያይህም፣ ቢጠቁምም፣ «ው» ቢልም ወዲያው ስጠው። በቀን ሃያ ጊዜ የሚገኝ ዕድል ነው። ይሄን ደግሞ ኮንሰርቱ ቢከስርም መጀመር ትችላላችሁ።

እመቤት ነኝ በሉ፦

ከመቶ ሺህ ብር ይልቅ ጠበል አይቀድምም? የጎረቤቴ ልጅ ተሽሎታል።

የ14 ዓመት ልጅ እናት (አዲስ አበባ)፦

እህቴ፣ እኛም ጠበል እንወስዳለን፤ ማንም አይከለክልም። ኦቲዝም ግን እንደ ጉንፋን የሚለቅ ሕመም አይደለም፤ ልጁ አብሮት ነው የሚያድገው። ጠበሉን እየጠጣ ይማር ነው የምንለው። ልጁን ጸበልተኛ መሀል ለወራት አስቀምጠው ትምህርት ያመለጠው ስንቱ ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ አይዞህ። ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ስትከፍት የውበት ሥራ ባለሙያ ነበረች፤ ሐኪም አልነበረችም። የራሷ ልጅ ነው ያስጀመራት። ነፍሷን ይማርና፣ አሁን ልጄ ፊደል የሚያውቀው በእሷ መንገድ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ዝግጅቱን ለሁለት ክፈሉት። ማታ ለከፋዩ፣ ከሰዓት ለልጆቹ። የከሰዓቱ ማይክ የለውም፤ 40 ደቂቃ ይበቃል። በሩ ክፍት ይሁን፤ መውጣት የፈለገ ይውጣ። ለልጁ ከሳምንት በፊት የአዳራሹን ፎቶ አሳየው፤ ምን እንደሚመጣ ካወቀ ግማሹ ፍርሃት ይቀንሳል። ብረት በያጆች የሚያደርጉት የጆሮ መከላከያም ግዛ። ጭብጨባ የለም፣ እጅ ማወዛወዝ ብቻ። እልልታውን እንዴት እንደምትከለክሉ ግን አላውቅም፣ ጎንደሬዎች ናችሁ 😄

ባለ ስፒከሩ (አዘዞ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑ ተቀይሯል። ሒሳቡን በሦስት ሰው ፊርማ እናደርጋለን፤ አንዷ ፈራሚ ልጇን የመለሱባት እናት ናት። ከገቢው መጀመሪያ የወላጆች ሥልጠናው ይከፈላል። ቴራፒስቷን በውስጥ መስመር አግኝቻታለሁ።

ትናንት አንድ የማውቀው መሰንቆ መቺ ቤት ጠራሁ። ለልጄ ጠዋት መሰንቆውን በስልኬ ፎቶ አሳየሁት። ስፒከር የለ፣ ገመድ የለ። ሰውዬው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ ጀመረ። ልጄ እንደ ልማዱ አልጋ ሥር ገባ። አዝማሪው ስሙን በግጥም ሊጠራው ሲል በዓይኔ ከለከልኩት፤ ድንገት ሲጠራ ይደነግጣል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ አንድ ጆሮውን ብቻ ይዞ። ከዚያ መጥቶ በጣቱ ጭራውን ነካው። ድምፁ ሲቆም እጁን አነሳ። እንደገና ሲመታ እንደገና ነካው። አዝማሪው ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ እንዲህ ሲያደርጉ ቆዩ።

አሁን የቀረኝ አዳራሹ ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሳል እንኳ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢም ብርድ ልብስም ብንሰቅል ይሻላል። ለአንድ ቀን ምንጣፍ የሚያውሰን ፒያሳ አካባቢ ካለ ጻፉልኝ። መልሼ አምጥቼ በእጄ እዘረጋዋለሁ።