አንድ ነጥብ ለሁሉም፤ መነሻውስ?

የክርክሩ ከፋች፦ ባለፈው እሑድ ፒያሳ ቡና ላይ የተነሣው ጥያቄ ሳይቋጭ ስለቀረ እዚህ አመጣሁት። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ነው፤ ለደምቢያው ገጠርም ለመሀል ጎንደርም ልጅ እኩል። ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ልጁ የተወለደበትን ቤት መፈተን? ለድሃው ልጅ ነጥቡ ዝቅ ይበል ወይስ አይበል? ስድብ ክልክል ነው፤ ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል።

ነጋዴው ከአራዳ፦ ፍትሕ ነው። እኔ ከጭልጋ አንድ ጋቢ ለብሼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ቀን አራዳ ገበያ ጆንያ ተሸክሜ፣ ማታ በኩራዝ ተምሬ፣ ዛሬ የራሴ መጋዘን አለኝ። የሠራ ይበላል። ነጥቡን ለድሃው ዝቅ እናድርግለት የሚል ሰው፣ ድሃ አይችልም ብሎ እየፈረመ ነው። ድሃ ሆኜ ስለማውቀው ይህ ንግግር ያስቀይመኛል።

መምህርቷ ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ልፋትዎን የሚክድ የለም። ግን ከእርስዎ ጋር ጆንያ ከተሸከሙት ውስጥ ስንቱ መጋዘን አለው? ቁጥሩን እንይ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአገር ደረጃ ከሺህ በላይ ነበሩ። ነገሩ ስንፍና ቢሆን ኖሮ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይገኝ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ከነተማሪው፣ ከነወንበሩ፣ በአንድ ላይ እንዴት ይሰንፋል?

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ያደገው ልጅ ፊዚክስ ይፈተናል። የገጠሩ ልጅ ግን መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሚል ይፈተናል፤ ሰዓት ከተረፈው ወደ ፊዚክሱ ይደርሳል። ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ፒየር ቡርዲዮ፣ ራሱ የገጠር ፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር፣ ወላጅ የሚያወርሰው ገንዘብና ቤት ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። አነጋገር ይወረሳል፤ ከመጽሐፍ ጋር መላመድም፣ ሹም ፊት ሳይርበተበቱ መቆምም። ትምህርት ቤት ይህን ውርስ «ጉብዝና» ብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። እኔ በየቀኑ የማየው ነው። የገጠሩ ልጅ መልሱን እያወቀ አንገቱን ይደፋል። በእናቱ ቤት ታላቅ ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ግን አለማወቅ መስሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ እኔም ተሳስቼበታለሁ።

ባጃጅ ነጂው ከአዘዞ፦ እኔ 43 አምጥቼ ወደቅሁ። አብሮኝ የተማረው የሐኪም ልጅ 38 አምጥቶ ወደቀ። እሱ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ አጠና፤ በግል ተፈትኖ አለፈ። እኔ በሳምንቱ የሰው ባጃጅ ይዤ ለባለቤቱ የቀን ሒሳብ ማስገባት ጀመርሁ። እነሱ ወድቀው መነሣት ይችላሉ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ተሳፋሪ እየጠራኝ ነው።

ሽማግሌው ከአበራ ጊዮርጊስ፦ ልጆቼ፣ ነገሩን በብር ብቻ አትቁጠሩት። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆራት ወዲህ ይህች ከተማ ሰውን በየፈርጁ ስታስቀምጥ ኖራለች። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ተወሰነ፤ የሙስሊሙ ሰፈር የአዲስ ዓለም ነገር ከዚያ ይመዘዛል። ርስት በዘር ይቆጠር ስለነበር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ከርስቱ ውጭ ቀርተው በእጃቸው አደሩ። ሞፈር የጨበጠ ጨዋ፣ መዶሻ የጨበጠ ቡዳ ተባለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን በሙያው አትስደቡ ብለው ዐወጁ። የካቲት 1967 ላይ የመጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስት ላልነበረው ሁሉ መሬት አስገኘ። ጨዋውን ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ ዐዋጅ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ነጋዴው ከአራዳ፦ አባቴ፣ ይህ የጥንት ወሬ ነው። ዛሬ ማን የማንን ዘር ይጠይቃል? ገንዘብ ያለው ይከበራል፤ አለቀ።

መምህርቷ ከማራኪ፦ እንግዲያውስ ጋሼ፣ ልጅዎን ሰፈርዎ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት እያለ ለምን የግል አስገቡት? የሠራ ይበላል ብለው የለ?

ነጋዴው ከአራዳ፦ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። እንግሊዝኛውን እንዲያውቅልኝ ነው። እኔ የተሸከምሁት እሱ እንዳይሸከም ነው፤ ይህም ነውር ከሆነ ንገሪኝ! ቢሆንም 50 አይነካ። የገጠሩ ክፍል ይስተካከል፤ መጽሐፍም መምህርም ይሰጠው።

የቀጥቃጩ ልጅ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነበር። «ዛሬ ማን ዘር ይጠይቃል» ሲባል ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ፣ ወገል፣ ማጭድ ይሠራል። ልጅ ሳለሁ ወናፍ የምነፋው እኔ ነበርሁ። ያገሩ ገበሬ ሁሉ ማረሻውን ይዞ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፤ እናቴ ያፈላችውን ቡና ግን የሚጠጣ አልነበረም። አንዱ «ጾም ነኝ» ይላል፤ ሌላው ይቸኩላል። ስናልፍ ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ባይናችን ልጁን እንዳንበላባቸው ነው።

ተማርሁ፤ ፋርማሲስት ሆንሁ። የፈለግኋትን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። መጀመሪያ በደስታ ተቀበሏቸው፤ የተማረ ልጅ ነው ተባለ። ከዚያ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ለወትሮው ዝምድና እንዳይኖር የሚቆጠር ነው፤ ለእኛ ግን ለሌላ ነገር ያገለግላል። ሁለተኛ ሲሄዱ አባትየው በር ላይ ቆመው «ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው መለሷቸው። ጨርሳ ሥራ ከያዘች ዓመቷ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የራሴ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ገበሬ» ብዬ ሞላሁ። ማንም አላስገደደኝም።

ስለ ፈተናው ከተጠየቅሁ ከነጋዴው ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የእሳቸው አይደለም። መምህርት የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛው ምን ያህል እንደተሠቃየሁ አውቃለሁ። ግን በሕይወቴ ሙሉ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይለኝ ያረመኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ለእኔ ተብሎ ሌላ ነጥብ ቢወጣ ኖሮ፣ ዛሬ መድኃኒት ስሰጥ «ይሄ በዚያኛው ነጥብ የገባው ነው» የሚል አይጠፋም ነበር። አንድ ስም ይበቃኛል፤ ሁለተኛ አትጨምሩልኝ።

መምህርቷ ከማራኪ፦ ይህን አላሰብሁትም። ሐሳቤን አልቀየርሁም፤ አላሰብሁትም ግን።

ነጋዴው ከአራዳ፦ ወንድሜ፣ ይቅርታ። እኔም የምድረው ልጅ አለኝ። ሰባት ቤት ሳላስቆጥር እድራለሁ ብዬ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ሽማግሌው ከአበራ ጊዮርጊስ፦ ልጄ፣ ሦስተኛ የሚላክ ሽማግሌ ካስፈለገህ እኔ አለሁ። ጉልበቴ ቢደክምም አፌ አልደከመም።

የቀጥቃጩ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እሷ ካገባች አራት ዓመቷ ነው።