ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ስለ ጥቃት እንዴት ልጠይቅ?

የኮምቦልቻዋ፦ ለማስተርስ ጽሑፌ ከሪያድና ከቤሩት የተመለሱ የቤት ሠራተኞችን እያነጋገርኩ ነው። እስካሁን 11 ሴቶች። «ጥቃት ደርሶብሽ ነበር?» ስል ሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነበርኩ» ይሉኛል። ትናንት አንዷ ይህንኑ ብላኝ ቡና ልትቀዳ እጇን ስትዘረጋ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አየሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ዘቢባ፦ እህቴ፣ «ጥቃት» የቢሮ ቃል ነው። ቤሩት 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እኔንም እንዲያ ብትጠይቂኝ «የለም» እልሽ ነበር። ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነበር? የት ትተኚ ነበር? ሲወጡ በሩን ይቆልፉብሽ ነበር? በዚህ ጀምሪ። እኔ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነበር የምተኛው። ማዳም የመጨረሻውን የ3 ወር ደመወዜን ሳትሰጠኝ ነው የሸኘችኝ። ያን ጊዜ «ዕድሌ ነው» ነበር የምለው።

ገረመው፦ ልክ ነች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ቡታጅራ ላይ የተጠየቁት ሴቶች «በጥፊ መታሽ? ገፈተረሽ?» እየተባሉ ነው፤ ያውም ብቻቸውን። 71 በመቶዎቹ ከባል ወይም ከፍቅረኛ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ለመሆኑ ስታነጋግሪያት ማን አጠገባችሁ ነበር?

የኮምቦልቻዋ፦ አማቷ። ጥግ ላይ ሽንኩርት እየላጡ ስለነበር እንደ ሰው አልቆጠርኳቸውም።

ዘቢባ፦ በይ እንግዲህ! አማት ፊት ማን ያወራል? ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አብረሻት ሂጂ፣ ድምፅ የምትቀጂበትን ስልክ ቤት ተይው። ጠባሳውን ግን አንቺ አታንሺባት።