«አድቫንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ እንዴት እንመልሰው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ሕንፃ ግንባታ ውል ወደ አማርኛ ስመልስ ለተቋራጩ አስቀድሞ የሚሰጠውን «አድቫንስ» «ቀብድ» ብዬ ጻፍሁት፤ ረቂቁን ያዩት ጠበቃ ግን ቃሉን በቀይ አስምረው መለሱልኝ። መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ወደ ፊት መሄድ» የሚለው ፍቺ ይቀድማል። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «አድቫንስ ወሰደ» ሲባል ከደመወዙ ላይ አስቀድሞ መውሰዱን ሁሉም ይረዳል። ለውሉ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦
ጠበቃው ትክክል ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል፤ በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው የሰጠውን ለቅቆ፣ ተቀባዩም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ስለዚህ «ቀብድ» ብለው ሲጽፉ፣ ለሲሚንቶና ለብረት መግዣ የተሰጠው ገንዘብ፣ ማንም ሳያስበው፣ ውል ማፍረሻ ሊሆን ነው። የግንባታው ገንዘብ ከየክፍያው ላይ እየተቀነሰ የሚመለስ ስለሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ይበሉት።

ሌላ መልስ፦
ከገንዘቡ ውጭ ላለው ፍቺ «ገፋ» የሚለው የራሳችን ቃል ተዘንግቷል። ዕድሜው የገፋ፣ ሌሊቱ ገፋ፣ እርግዝናዋ ገፍቷል እንላለን፤ እንግሊዝኛውም ለዕድሜ ይህንኑ «አድቫንስድ» ይላል። አንድ የሕክምና ጽሑፍ ላይ ግን «የላቀ ካንሰር» የሚል ትርጉም አንብቤ እጅግ አዘንሁ። «የላቀ» ለትምህርትና ለቴክኖሎጂ የሚሆን የሙገሳ ቃል ነው፤ የታማሚው ቤተሰብ ይህን ሲያነብ ምን ይረዳል? «የገፋ ካንሰር» ወይም «ሥር የሰደደ» ቢባል ያለ ማብራሪያ ይገባው ነበር። ለጦር «ግስጋሴ» አለን። ቃሉ በብዙ ቁጥር ሆኖ አንድ ሰው በሌላው ላይ ስላደረገው ያልተፈለገ የፍትወት ሙከራ ሲነገር ግን «ወደ ፊት መራመድ» ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ «ጾታዊ ትንኮሳ» ነው የሚባለው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ቅድሚያ ክፍያ» ብዬ አርሜዋለሁ። ስለ ማስታወቂያ በሚናገረው አንቀጽ ያለውን «ኢን አድቫንስ»ም «ከ14 ቀን አስቀድሞ» ብዬ ጽፌዋለሁ።