ከጎንደር የጥበብ ሰዎች ጋር ጨዋታ ለመቅዳት፦ በምን ልቅዳ፣ ምን ልጠይቅ?

ማራኪ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ውስጥ አምስት ሰዎች ለማነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ፦ ሁለት ሰዓሊዎች፣ አንድ የብራና ጸሐፊ፣ አንድ አዝማሪ፣ አንዲት የወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪ። ጉዳዩ ነገ በማይታወቅበት ጊዜ ሥራቸውን እንዴት እንደያዙት ነው። ያለኝ ስልክና ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ብቻ። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔትም አያስተማምንም። ድምፁን እንዴት ልቅዳ? ሰው ሳይሸማቀቅ እንዲያወራስ ከምን ልጀምር?

ድምፀ_ጎንደር
ስልክህ ይበቃል። መቅጃውን ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ፋይል)፣ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ)፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርገው፤ አንድ ሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። 24 ከሌለው 16 ቢትም ለንግግር ምንም አይለው፣ በሰዓት 350 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ኤምፒ3 ለመላኪያ ነው፣ ለመቅጃ አይሁን።

ከመጀመርህ በፊት ኤርፕሌን ሞድ። በብዙ ስልክ ላይ ጥሪ ከገባ ቅጂው እዚያው ይቆማል፣ አንተ ግን እየተቀዳ መስሎህ ግማሽ ሰዓት ታወራለህ።

ማይኩን ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ላይ ስካው። ጋቢ ወይም ነጠላ ውስጥ ከገባ ጨርቁ ሲንሻሸት የሚወጣውን ድምፅ በኋላ የሚያጠራ ፕሮግራም የለም ብለህ ቁረጥ። ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ −12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም ጥሩ ነው፤ ዜሮን ከነካ ተሰነጠቀ ማለት ነው።

አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሳ ማይኩን ንቀልለት። ደረቱ ላይ ሆኖ የሳጥኑን ድምፅ አይችለውም፣ ደጋኑም ይመታዋል። ስልኩን ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል አርቀህ በደረቱ ልክ አስቀምጥና ኃይለኛውን ቦታ አሥር ሰከንድ ያሰማህ፤ መጠኑን በዚያ ለካ። እርጥበት ካለ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ እሳት ዳር ያሞቀዋል። አታጣድፈው።

ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አትቀጥር። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ጨዋታው አለቀ። ከጧቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ያለው ይሻላል።

ፓወር ባንክህ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) ቢልም ለስልኩ የሚደርሰው 6,000 ገደማ ነው። በውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ሆኖ ወደ 5 ሲቀየር ይቀንሳል፣ በሙቀትም ይባክናል። የ4,000 ስልክን አንዴ ተኩል ይሞላልሃል እንጂ ሁለት ተኩል አይሞላም።

ቀለም_በጥባጭ
«ጊዜው እንዴት ይዞዎታል?» ብለህ ከጀመርህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትባልና እዚያው ያልቃል። ስለ ጊዜው አትጠይቅ፣ ስለ ዕቃው ጠይቅ። ይህ ብራና የበግ ነው የፍየል? ቆዳው ከየት መጣ? ቀይ ቀለም ሲጠፋ በምን ተካችሁት? አሁን እጅዎ ላይ ያለውን ማን አዘዘው? ግድግዳ ላይ ሳይሸጥ የቆየው የቱ ነው? «ትልቅ ሸራ ትቼ በሻንጣ የሚገባ ትንሽ ብቻ እሠራለሁ» ያለህ ሰው ስለ ቱሪስቱም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ ኪሱም ነግሮሃል።

«ከስንት ወር በፊት?» አትበል። በበዓል ጠይቅ፦ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ባለፈው ፋሲካ ምን ይሠሩ ነበር? ጎንደር ላይ የሥዕል ሻጭ ዓመቱን የሚቆጥረው በጥምቀት ነውና መልሱ ጠርቶ ይመጣልሃል።

ሰዓሊን በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ አትጀምረው። የመላእክቱን ፊት ለእንግዳ ሺህ ጊዜ ተርኮታል፣ ለአንተም የአስጎብኚ መልስ ይሰጥሃል። የራሱን ብሩሽ ያሳይህ። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል። ሸክላ ሠሪዋም እንደዚያው፣ ጭቃውን እያቦካች ታውራህ፤ የምታቃጥልበት ቀን ብቻ አትሂድ፣ ጭሱና ጥድፊያው አያስወራም።

ሽማግሌውን አንቱ በል፣ የብራና ጸሐፊው መሪጌታ ከሆኑ በማዕረጋቸው ጥራ። መልስ ሲያበቃ አምስት ስድስት ሰከንድ ዝም በል። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው፣ ጠያቂው ግን ፈርቶ ቀጣዩን ጥያቄ ይደርብበታል።

ሰምና_ወርቅ
አዝማሪው ግጥም ጣል ሲያደርግ እንደ ሰማኸው ጻፍ። ወርቁን ፈትተህ በቅንፍ አትጨምር። ሰሙ መደበቂያው ነው፤ ስትፈታው መደበቂያውን ገፈህ አደባባይ ታቆመዋለህ፣ ያላለውንም በስሙ ልትል ትችላለህ። ራሱ ከፈታልህ ደግሞ «ይህን ልጻፈው?» ብለህ ለብቻው ጠይቅ።

ሌላው የፊደላችን ጣጣ ነው፤ መጥበቅና መላላት አያሳይም። «ሥዕሉ መቼ ይደርሳል?» ብለኸው «ገና ነው» ቢልህ፣ ላልቶ ከሆነ አልደረሰም፣ ጠብቆ ከሆነ ለልደት በዓል ይደርሳል። ስለዚህ አጠራጣሪ ቃል አጠገብ ደቂቃና ሰከንዱን በኅዳግ ጻፍ። የአንድ ሰዓት ጨዋታ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያዝለት፣ ግጥም የበዛበት ከዚያም ያልፋል።

ማራኪ (ጠያቂ)
እናመሰግናለን፣ ብዙ ነው። አንድ ልጨምር፦ «ስሜ አይጠቀስ» ካለኝስ? ከተማው ትንሽ ነው፣ ሥራው ራሱ ሰውየውን ያስታውቃል።

አዘዞ_መንገድ
ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ሙያ፣ ሰፈርና ዕድሜ አንድ ላይ ከተጻፉ ሰውየው ታወቀ። ከሦስቱ ሁለቱን ሰርዝ። ፎቶ ከፈቀደልህ እጁንና ሥራውን ብቻ አንሳ፣ የስልኩን ቦታ መመዝገቢያ አስቀድመህ ዝጋ፣ ከጀርባ የሱቅ ታፔላ እንዳይገባ እይ።

ፈቃዱን አንድ ላይ አትውሰድ። ድምፅህ ይቀዳ ወይ? ስምህ ይውጣ? ፎቶህስ? መቼ ይውጣ? እያንዳንዱን መቅጃው ላይ ያስገባ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ጠይቅ። ሰው ሲጀምር የፈቀደውን ካወራ በኋላ ሊመልሰው ይችላል፣ መብቱም ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ አንብብለት።

የፋይሉ ስም ላይ የሰው ስም አይግባ፤ 01፣ 02 በል፣ ዝርዝሩ በእጅ በተጻፈ ደብተር ይሁን፣ ደብተሩና ፍላሹም አንድ ቤት አይደሩ። ኢንተርኔት ሲመለስ ወደ ኦንላይን እጭነዋለሁ ብለህ አትጠብቅ፣ ያን ዕለት ማታ ወደ ሁለት ፍላሽ ገልብጥና ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉ፣ ከመጨረሻው አድምጥ። ስልኩ ላይ ያለውን የምታጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀኑንም አትርሳ፦ ስልኩ በፈረንጅ ይመዘግባል፣ ሰውየው በእኛ ይቆጥራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። «9 ሰዓት ላይ ነበር» ሲልህም ቀን ነው ሌሊት ብለህ እዚያው ጠይቀው።