ነጠላው ሲነጣ ፊታቸው ጠቆረ፤ እስኪ ሳትራሩ ተቹልኝ

ደብረ ብርሃን፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ የግድግዳ ጥላ ስር የተነሳ የአንዲት እናት ፎቶ ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 1.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። ነጠላው ፍሬሙን ስለሞላው ካሜራው ብርሃኑን ቀንሶ ፊታቸውን አጠቆረ። ብርሃኑን 1 ስቶፕ (እጥፍ) ስጨምር ደግሞ የጥለቱ ክር እንኳ አይለይም፣ ነጭ ወረቀት! የቀኝ ዐይናቸው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የግራው ግን ደብዝዟል። አፐርቸሩን አጥብቤ 4፣ ሹተሩን 1/200 ባደርገው ሁለቱም ይጠራሉ፤ ያኔ ግን ከኋላ ያለው የቆርቆሮ አጥር ጎልቶ ይወጣል። ከአጥሩ ስንት ሜትር ላርቃቸው? ብርሃኑን ጉንጫቸው ላይ በስፖት (ካሜራው አንዲት ነጥብ ብቻ በሚለካበት ስልት) ልለካ ወይስ በነጭ ካርቶን ከጎን ላንጸባርቅ? «ቆንጆ ነው» የሚል መልስ ይቅርብኝ።