ባዮሱ የማያውቀውን ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ማስነሳት

የትርጉም ሥራዬን የምሠራበት ዴስክቶፕ ኢንቴል ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም እና ጂፒቲ በተባለው የዲስክ አከፋፈል ስልት የተከፋፈለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ሃርድ ዲስኩ እጅግ ስለተንቀራፈፈ፣ ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝን ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) በፒሲአይ ኤክስፕረስ አስማሚ ካርድ ላይ አድርጌ ለግራፊክስ ካርድ በተዘጋጀው ረጅም ማስገቢያ ሰካሁት።

በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ኤስኤስዲውን ያለ ችግር ያየዋል፤ ፋይልም ይገለብጥበታል። ዊንዶውስን በቀጥታ በኤስኤስዲው ላይ ስጭን ግን ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሳ ሥራው ይቋረጥና፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም የሚል አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። መብራት እንዳይቋረጥብኝ ዩፒኤስ ተውሼ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) ወደ መጨረሻው እትም አሳደግሁት፤ ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የማስነሻ ዘዴም መረጥሁ፤ ሆኖም በማስነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ኤስኤስዲው የለም። የማስነሻ ፋይሎቹን በቢሲዲቡት ትእዛዝ ወደ ሃርድ ዲስኩ ባዛውርም አልተነሳም፤ እንደተረዳሁት የዊንዶውስ ማስነሻ ዲስክ የሚያነበው በባዮሱ በኩል ስለሆነ፣ ባዮሱ የኤንቪኤምኢ ድራይቨር (ኤስኤስዲውን ለማንበብ የሚያስችለው ፕሮግራም) እስከሌለው ድረስ ፋይሎቹ የትም ቢቀመጡ ለውጥ የለውም።

ድራይቨሩን ባዮሱ ውስጥ መክተት እንደሚቻል አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ቢበላሽ የባዮሱን ቺፕ መልሶ የሚጽፍ መሣሪያ ስለሌለኝና የዕለት እንጀራዬም በዚህ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ይህን አልደፍርም። የቀረኝ ክሎቨር የተባለውን ማስነሻ ከኤንቪኤምኢ ድራይቨሩ ጋር መጠቀም ነው። ክሎቨርን በፍላሽ ፋንታ የማስነሻ ፋይሎች በሚቀመጡበት የሃርድ ዲስኩ የኢኤፍአይ ክፍልፋይ ላይ በቋሚነት አስቀምጬ፣ በኤስኤስዲው ላይ ያለውን ዊንዶውስ በራሱ እንዲያስነሳ የማደርገው በምን ቅደም ተከተል ነው?